የአሰልጣኙ ቀኝ እግር እና የቀጠነው መድኃኒት

የአሰልጣኙ ቀኝ እግር ከጌታው ትእዛዝ መቀበል ያቆመው ከፍራሽ ሱቁ አደጋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጨዋ እግር ነበር። በመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው መኪና ውስጥ፣ ከሰልጣኙ ጎን ባለው ወንበር ፊት ለአሰልጣኝ ተብሎ የተሠራች ትርፍ ፍሬን አለች፤ እሷን አስፈላጊ ሲሆን ብቻ እየረገጠ፣ ሌላ ጊዜ አርፎ ይቀመጥ ነበር።

አደጋውማ ለወሬም ያሳፍራል። አንዲት ልብስ ሰፊ መንዳት ልትማር መጣች። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረች ናትና የነዳጁንም መርገጫ እንደዚያው ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። መኪናዋ እየዘለለች ስትሄድ አሰልጣኙ ከእጁ ያመለጠችውን እስክሪብቶ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል መስታወት ጥሰው ገብተው የፍራሽ ክምር ውስጥ ተሰክተዋል። ደግነቱ ማንንም አንዲት ጭረት እንኳ አልነካችውም። የሱቁ ሻጭ በድንጋጤ ክው ብሎ፣ አፉ የለመደውን፣ "የአንድ ሰው ነው የሁለት ሰው የምትፈልጉት?" ብሎ ጠየቃቸው።

እግሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አላምን አለ። አስተናጋጅ ሾርባ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ይረግጣል። ሊፍት ሲወርድ ይረግጣል። በቴሌቪዥን ኳስ ወደ ጎል ስትሄድ ይረግጣል፤ ኳሷ ገብታ ስትገኝም ያዝናል። ሌሊት ደግሞ በእንቅልፉ የሚስቱን ቅልጥም እየረገጠ አሳሯን ያበላታል።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ተኝቻለሁ! ወዴት ስሄድ አየኸኝና ነው የምታቆመኝ?" ትለዋለች፣ ትራሷን ይዛ ወደ ሳሎን እየሄደች።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው ሥራው ላይ የመጣው ነው። ሰልጣኝ ገና ቁልፉን ከማዞሩ አሰልጣኙ ፍሬኑን ይረግጣል። ርግብ ብድግ ስትል ይረግጣል፣ የራሱ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያልፍ ይረግጣል። ሰልጣኞቹም "ፍሬን" የሚል ስም አወጡለት። ነገሩ ከስም ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ እሱ ያሠለጠናቸው ሰዎች በሙሉ ፍሬን የሚባል ነገር በእግራቸው ረግጠው አያውቁም። መኪና መቆም ሲኖርባት ራሷ የምትቆም ይመስላቸው ነበር። አንዷ በፈተና ቀን፣ ትርፍ ፍሬን በሌላት የፈታኞች መኪና፣ ቀይ መብራት ጋ ስትደርስ እጆቿን መሪው ላይ አሳርፋ በትዕግሥት ጠበቀች። መብራቱን አልፋ፣ መስቀለኛውን አልፋ፣ ፈታኙ ላቡን እየጠረገ በእጅ ፍሬን ካስቆማት በኋላ፣ "ይቅርታ፣ ይቺ መኪናችሁ ግን አትሠራም" አለችው ቅር ብሏት።

የማሰልጠኛው ባለቤት አሰልጣኙን ቢሮው አስጠራው። ባለቤቱ ወፍራም፣ ድምፁ ከሰውነቱ የገዘፈ ሰው ነው።

"ስማኝ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለው። "ግን ከአደጋው ወዲህ ካንተ እጅ የወጣ አንድም ሰው አላለፈም። በሚቀጥለው ፈተና አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ አሳልፍ። ካልሆነ ቁልፉን ታስረክባለህ።"

አሰልጣኙ እሺ ብሎ ከቢሮው ወጣ። ሥራውን ይወደዋል። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ከቦታዋ ሲያንቀሳቅስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ ያየ ሰው ሌላ ሥራ አያምረውም። ይህን ፊት ሲያይ ነው የኖረው። አሁን እግሩ ይህን፣ ዓይኑ እያየ፣ ሊወስድበት ነው።

እዚህ ላይ የሚስቱ ታናሽ እህት ገባች። ይቺ ሴት የማታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው ግን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሳተት ያለ ነው።

"ሆሚዮፓቲ!" አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። "ለሱ ሕመም ሆሚዮፓቲ ነው። ንጹሕ ቅጠል ነው፣ ኬሚካል የሚባል አይነካውም። ጓደኛዬን ከጨጓራ ገላግሏታል።"

"እሷ እኮ የተሻላት ቅመም ስትተው ነው" አለች ሚስቱ።

"ቅመም የተወችው ሆሚዮፓቲው ስለረዳት ነው!" አለች እህትየዋ። በማግስቱም አሰልጣኙን ጎትታ ወሰደችው።

የሆሚዮፓቲ ሐኪሟ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነበረች። መደርደሪያው ላይ ትናንሽ ጠርሙሶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሐኪሟ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ እግሩን ከመንካቷ በፊት ስለ ሕይወቱ ጠየቀችው።

"በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት? ጨው ይወዳሉ? ነጎድጓድ ሲሰሙስ ምን ይሰማዎታል?"

አሰልጣኙን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ አልነበረም። ባለቤቱ የሚጠይቀው ስንት ሰው እንዳለፈ ነው። ሚስቱ የምትጠይቀው መቼ እንደሚያርፍ ነው። ስለ ነጎድጓድ ሲያወራ ስለ ልጅነቱ አነሣ፣ ከዚያ ስለ ፍራሽ ሱቁ፣ ከዚያ ስለ እስክሪብቶዋ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሐኪሟ ሁሉንም እየጻፈች አዳመጠችው። እግሩም ጸሐፊዋ በሩን ስትከፍት አንዴ ከመርገጡ በስተቀር አደብ ገዝቶ ተቀመጠ። አሰልጣኙ ገና ምንም ሳይውጥ ቀለል አለው፤ መድኃኒቱ ወንበሩ ላይ ተቀብቶ ይሆን እንዴ ብሎም ተጠራጠረ።

"እና ቅጠሉ የትኛው ነው?" አለ።

"ቅጠል አይደለም" አለች ሐኪሟ። ይህን ስትል ድምፏ የድካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንደተናገረችው ያስታውቃል። "ሁሉም ሰው ቅጠል ይላል። አንዳንዱ ከዕፅዋት ይነሣል፣ አንዳንዱ ከማዕድን፣ አንዳንዱ ከእንስሳ። የኛ እምነት እንዲህ ነው፦ ጤነኛውን ሰው የሚያሳምም ነገር፣ እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ የመሰለ ሕመም ያድናል። ጠብታውን በውኃ እናቀጥናለን፣ እንንጠዋለን። ከዚያ ላይ ጠብታ ወስደን ደግመን እናቀጥናለን፣ ደግመን እንንጠዋለን። እንደገና፣ እንደገና።"

"መጨረሻ ላይ ምን ይቀራል?"

"ከመነሻው ነገር ምንም ላይቀር ይችላል።"

አሰልጣኙ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አያት። "ታዲያ የምውጠው ምኑን ነው?"

"በቀጠነ ቁጥር ይበረታል ነው የምንለው" አለች ሐኪሟ በቅንነት። በቅንነት መናገሯን ማንም አይጠራጠር፤ የምትለውን የምታምን ሴት ናት። አሰልጣኙ ግን ውኃ ሲጨመርበት የሚወፍር ሻይ አይቶ አያውቅምና ነገሩ ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባ አለ።

ቤት ሲደርስ ሁሉም አስረዳው። የሚስቱ እህት፣ "ቅጠል አይደለም ያለችህ አሠራሩን እንዳትሰርቃት ነው" አለች። ሚስቱ፣ "ያው ቫይታሚን ነገር ነው፤ ከምሳ በኋላ ውሰደው" አለች። የማሰልጠኛው ባለቤት በበኩሉ በማግስቱ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ፣ "ገባኝ! ክትባት ማለት ነው" አለ። አሰልጣኙ መጀመሪያ ሊያርማቸው ሞከረ፤ ኋላ ሰለቸውና ተወው። ጠብታውን እንደታዘዘው ምላሱ ላይ አንጠባጠበ። እግሩ ግን ጠብታ የሚባል ነገር መኖሩንም የሰማ አይመስልም፤ ያንኑ ቀን አንድ ሰላማዊ ብስክሌተኛ አይቶ የመኪናዋን አፍንጫ መሬት ሊያስነካ ምንም አልቀረው።

ከዚህ በኋላ ነው አሰልጣኙ ራሱን ይዞ ማሰብ የጀመረው። የሚያሳምመው ነገር ቀጥኖ ሲሰጥ ያድናል፣ ተባለ። ጥሩ። እሱን ያሳመመው ምንድን ነው? በጠርሙስ ያለው ውኃ አይደለም። እሱን ያሳመመችው ልብስ ሰፊዋ ናት! ስለዚህ መድኃኒቱ ልብስ ሰፊዋ ናት ማለት ነው፤ የጎደለው ማቅጠኑ ብቻ ነው። ይህን ሲያገኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ ሰው አይሳሳትም፤ ለዚህ የዓመታት የማሰልጠን ልምድ ያስፈልጋል።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ኮቶች ግድግዳው ላይ የተደረደሩበት፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ወለሉን የሞላበት ቤት ነው። ሴትዮዋ ከአደጋው በኋላ ወደ ማሰልጠኛው ዝር ብላ አታውቅም። አፍራለች። የሰፋችውን ልብስ ለደንበኛ የሚያደርስላት ወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሳይለው ይቀራል። መንዳት የፈለገችው ማንንም ደጅ ሳትጠና ልብሷን ራሷ ልታደርስ ብላ ነበር። አሰልጣኙን በሩ ላይ ስታየው በአፏ የያዘቻቸውን መርፌዎች አወጣች።

"እትዬ" አለ አሰልጣኙ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም። የኔ ሕመም መድኃኒት እርስዎ ነዎት።"

ሴትዮዋ መቀሷን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። "ባለትዳር ሴት ነኝ።"

"እኔም ባለትዳር ነኝ!"

"እኮ! አታፍርም?"

ጉዳዩን አስረድቶ እስኪጨርስ አንገቱ ድረስ በላብ ተነከረ። ልብስ ሰፊዋ ሰማችው። ስለ ማቅጠን ያወራው አንዱም አልገባትም። የገባት እንደገና መሪ ልትይዝ መሆኑ ነው፣ ለሷ ይህ በቂ ነበር። መቀሷን አስቀምጣ መጣች።

ሕክምናው በማሰልጠኛው ግቢ ተጀመረ። መጀመሪያ ሴትዮዋ ግቢውን እንድትዞር ተደረገ። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ስትል የአሰልጣኙ እግር በየዝላዩ ፍሬን ይረግጣል፤ ሁለቱም አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ በነገር ሁሉ እንደተስማሙ ሰዎች ሆነው ግቢውን ዞሩ። መናጡ በሚገባ ተናጠ፣ በዚያ በኩል ጉድለት አልነበረም። አሰልጣኙ ግን፣ "ወፍራም ነው፣ መቅጠን አለበት" አለ። በማግስቱ ግማሽ ግቢ ብቻ ነዳች። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች። ከዚያ ሞተሩም ጠፋ። እግሩ እየበረደ ሄደ! አሰልጣኙ ደስታውን መቻል አቃተው። ሴትዮዋን ወደ ኋላ ወንበር አሳለፋት፣ ከኋላ ወንበር ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ አጥሩ ጥግ። በመጨረሻ እሷ ሱቋ ውስጥ ኮት እየሰፋች፣ እሱ በቆመች መኪና ውስጥ ብቻውን ቁጭ አለ። እግሩ ንቅንቅ አላለም።

"ድኛለሁ!" አለ አሰልጣኙ፣ ቢሮውን ሳያንኳኳ በርግዶ።

"ክትባት ነው አላልኩም?" አለ ባለቤቱ። ወዲያው ለማየት ጓጓና አብሮት ወጣ፤ ከኋላ ገባ፣ አንድ ሰልጣኝም መሪ ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ ከበሩ ልትወጣ ሁለት ጎማዋ አስፋልት ሲነካ አንዲት ድመት ከሩቅ፣ ከአጥር ላይ ሆና አዛጋች። እግሩ ፍሬኑን ወለሉ ድረስ ላከው። የባለቤቱ ግንባር ከፊት ወንበሩ ጋር ተገናኘ።

"ፈተናው ሲደርስ እንተያያለን" አለ ባለቤቱ ግንባሩን ይዞ። ከዚያ ወዲያ ስለ ክትባት አላነሣም።

አሰልጣኙ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ የሄደው ተስፋ ቆርጦ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ሥራዬ ሊሄድ ነው አላት፤ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ሌላ ሥራም አልወድም አላት። ሴትዮዋ የጀመረችውን ስፌት ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አዝናለታለች፣ ግን ተናዳም ነበር።

"አሁን እኔ ልናገር?" አለች። "መንዳት ልማር ብዬ ነው የመጣሁት። አንተ ከመሪው አንሥተህ ኋላ አስቀመጥከኝ፣ ከኋላ አውርደህ አጥር ጥግ አቆምከኝ፣ ከአጥር ጥግ ወደ ሱቄ መለስከኝ። ይሄ መድኃኒትህ ትንሽ ቢቀጥን ኖሮ ከከተማው ልታስወጣኝ ነበር!"

"እግሬ ግን ተሽሎት ነበር እኮ፣ እትዬ።"

"የቆመች መኪና ውስጥ የማን እግር ነው ፍሬን የሚረግጠው? ደግሞስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካወቅከኝ ጀምሮ አንድ ቀን ፍሬን አስረግጠኸኝ ታውቃለህ?"

አሰልጣኙ ያሠለጠናቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበ። ሰውን ሁሉ ሲጠብቅ የኖረ መስሎት ነበር፤ ለካ ሰውን ሁሉ ሲነጥቅ ነው የኖረው። አፈረ፣ ከልቡ አፈረ።

ሴትዮዋ ከመደርደሪያዋ ወፍራም የቦርሳ ማንገቻ መዘዘችና፣ "ተነሣ" አለችው።

መኪናዋ ውስጥ ቀኝ እግሩን ከወንበሩ ብረት ጋር ጠፍራ አሰረችው። ቋጠሮውን አንዴ ጎተት አድርጋ ፈተሸችው፣ የሠራችውን የምታውቅ ሴት ናት።

"ግራውስ?" አለ አሰልጣኙ በቀጭን ድምፅ።

"ግራው ጨዋ ነው" አለችና ሞተሩን አስነሣች።

አሰልጣኙ ጠቅ ጠቁን እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ። ጠቅ ጠቅ የለም። መኪናዋ እንደ ሰው መኪና ቀስ ብላ ወጣች። ሴትዮዋ ለካ እሱ አጥር ጥግ ባቆማት ሰሞን ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋን በዝግታ፣ በአንድ ግፊት መርገጥ ስትለማመድ ከርማለች። ስስ ሐር ሲሰፋ እንዲህ ነው የሚረገጠው አለችው። አሰልጣኙ ግን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የታሰረው እግሩ ይታገላል፣ እሱ ይጮኻል።

"ብስክሌት!"

"አይቼዋለሁ።"

"ሴትዮ ከነዘንቢሏ!"

"እሷንም አይቻለሁ። ደንበኛዬ ናት፣ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። አሰልጣኙ መጮኹንም ረሳ። ሴትዮዋ እግሯን ከነዳጁ አነሣች፣ አሸጋገረች፣ ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ ቆመች።

"ቆመች!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አቆሟት" አለ አሰልጣኙ። "እርስዎ ነዎት ያቆሟት።"

ተያዩና ሳቁ፤ ከኋላቸው ያለው ሾፌር ጥሩንባውን እስኪያንባርቅባቸው ድረስ ሳቁ።

እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ ወጡ። ማንገቻው በየቀኑ ትንሽ ላላ ይል ነበር፤ በመጨረሻ ወንበሩ ሥር ተጥሎ ቀረ። እግሩ አንዳንዴ ብድግ ይላል፣ ግን ሴትዮዋ ቀድማ መርገጧን ሲያይ አፍሮ ይመለሳል። ሚስቱም ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። ወዲያው ድሉ የኛ ነው ባዮች ተሰለፉ። ሐኪሟ፣ መድኃኒት መጀመሪያ ያባብሳል፣ ከዚያ ያሽላል፣ ይኸው አለች። የሚስቱ እህት ቅጠሉ ነው አለች። ሚስቱ ቫይታሚኑን ከምሳ በኋላ መውሰዱ ነው አለች። አሰልጣኙ ልብስ ሰፊዋ ናት ብሎ ቢናገር፣ ሁሉም፣ "እሷማ አግዛሃለች" እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

የፈተናው ቀን ሰልጣኞች በእግረኛ መንገዱ ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በፈተና ላይ የአሰልጣኙ ወንበር የፈታኙ ነው፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ከሰልፉ ጎን፣ ባለቤቱ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ከጎኑ ቆሙ። የመጀመሪያዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። ወጣች፣ ዞረች፣ መብራቱ ጋ ቆመች፣ ተመለሰች። ልታበቃ ስትል አንድ ውሻ ከቆሙት መኪኖች መሀል ዘሎ መንገዱ ላይ ዱብ አለ።

የአሰልጣኙ እግር ሳያማክረው ተነሥቶ የእግረኛ መንገዱን ድም አድርጎ ረገጠ። በዚያችው ቅጽበት መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሄደ።

ሰልፉ በሙሉ ወደ አሰልጣኙ እግር ዞረ። ከዚያ አንዱ፣ "አያችሁ?" አለ። "ረገጠ፣ ቆመች!"

"ከዚህ ሆኖ እኮ ነው!"

"ጋሼ ፍሬን፣ ለኔም ይርገጡልኝ!"

"ለኔም! አደራ!"

ባለቤቱ ዓይኑ በራ። "ከሩቅ ይሠራል ማለት ነው" አለ ለራሱ፣ ማስታወቂያውን እያሰበ።

ልብስ ሰፊዋ ማለፏን ሰምታ፣ ፊቷ እንደዚያ አሰልጣኙ እንደሚወደው ፊት በርቶ ከመኪናዋ ወረደች። ልትነግራቸው ነበር። አፏን ከመክፈቷ በፊት ሰዎቹ የአሰልጣኙን እግር ከበው ሲያመሰግኑ አየች። አንዷማ ጎንበስ ብላ ጫማውን ነካችው።

"የረገጥኩት እኮ እኔ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። ማንም አልሰማትም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ያየው አሰልጣኙ ብቻ ነበር።

"እሷ ናት የረገጠችው!" ብሎ ጮኸ። "እኔ የረገጥኩት ድንጋይ ነው! ድንጋይ ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?"

"ትሑት ሰው ነው" ተባባሉ ሰልፉ ላይ ያሉት።

ቀጥሎ ተራው የአንዲት ቀጭን ልጅ ነበር። የመኪናዋን በር ይዛ ቆመች። "ጋሼ፣ በናትዎ" አለችው፣ "እርስዎ ካልረገጡልኝ አልገባም።" እረግጥልሻለሁ ቢላት ተረጋግታ እንደምትሄድ ያውቃል። አንዲት ቃል ናት፣ ምንም አታስወጣም። ባለቤቱም ከጎኑ በዓይኑ፣ በላት በላት ይለዋል። አሰልጣኙ ልብስ ሰፊዋን አያት።

"አልረግጥልሽም" አላት ልጅቷን። "ይልቅ እግሬን አነሣለሁ። እስክትመለሺ ድረስ መሬት አይነካም። ስትቆሚ ያቆምሽው አንቺ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ።"

ቀኝ እግሩን አነሣ። ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ አንድ ትልቅ ሰው በአንድ እግሩ እየተንገዳገደ መንገድ ዳር ቆመ። ሊወድቅ ሲል ልብስ ሰፊዋ መጥታ ክንዱን ያዘችው። ልጅቷ ወጣች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፤ ነጩ መስመር ላይ ስትደርስ እግሯን አሸጋግራ ፍሬኑን ረገጠች። ፈታኙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"ሳይረግጥ ደግሞ ይበረታል!" ብሎ ባለቤቱ ከደስታ ብዛት አጨበጨበ። "አያችሁ? እግሩን ማንሣቱ ብቻ በቂ ነው!" ሰልፉ በሙሉ ተስማማ። ባለቤቱም ለፈተናው ቀን ተቀብሎት የነበረውን የማሰልጠኛ መኪናዋን ቁልፍ አውጥቶ አሰልጣኙ እጅ ውስጥ መልሶ ከተተ። "ሥራህ ያንተ ነው። እግርህን ግን አደራ!"

አሰልጣኙ ማስረዳቱን ተወው። ልጅቷ ግን ከመኪናዋ ወርዳ፣ ማንንም ሳታይ፣ ቀኝ እግሯን ጎንበስ ብላ እያየች ነበር። "እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። ልብስ ሰፊዋ ሰማቻትና፣ "አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ" ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ሲመሽ አሰልጣኙ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት። ያለቁ ኮቶቿን ኋላ ወንበር ላይ ጫነች፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። መንገዱ የሥራ መውጫ ሰዓት መንገድ ነው፤ ብስክሌቱም፣ ጭነት መኪናውም፣ ሰዉም ሁሉ እየተጋፋ ይሄዳል። ሴትዮዋ በዝግታ ነዳች፣ ስለ ደንበኞቿ አወራችለት፣ ስለ ወንድሟ አወራችለት፣ ከእንግዲህ እሱን ደጅ እንደማትጠና ነገረችው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሕዝቡ ሲሻገር ፍሬኗን ረግጣ ቆመችና ዘወር ብላ አየችው።

አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሁለቱም እግሮቹ ተዘርግተው አርፈዋል። መብራቱ ሲለቃት እንዳትቀሰቅሰው መኪናዋን ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰች።